ጕልበት ሳይለካ ሙያ አይሆንም

የአንድ አገር ሀብት በምድሯ ውስጥ በተቀበረው ማዕድንና በእርሻዋ ላይ በሚበቅለው እህል ብቻ የሚቈጠር አይደለም፤ የሕዝቧም ጤናና ጕልበት ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ወርቅ ተቈፍሮ፣ ነጥሮና ተመዝኖ ካልወጣ በቀር ለባለቤቱ እንደማይጠቅመው ሁሉ፣ የሰውም ጕልበት ሳይሠለጥንና ሳይለካ የቀረ እንደ ሆነ ለራሱም ለአገሩም ሳይተርፍ ያልፋል። ለዚህ ነገር መልካም ምስክር የሚሆነው ከአማራ ክልል የወጣችው የወጣቷ ሯጭ የያለምዘርፍ የኋላው የሙያ ጅማሬ ነው።

ያለምዘርፍ የተወለደችው ሐምሌ 27 ቀን 1991 ዓ.ም. ነው። ሃያ ዓመት በሞላት በወሩ ገደማ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በሞሮኮ ዋና ከተማ በራባት በተደረገው የአፍሪካ ጨዋታ በግማሽ ማራቶን አንደኛ ወጣች። ጥቅምት 7 ቀን 2013 ዓ.ም. በፖላንድ አገር በግዲኒያ በተደረገው የዓለም ግማሽ ማራቶን ሻምፒዮና ከአሸናፊዋ በ3 ሰከንድ ብቻ ተቀድማ ሦስተኛ ሆነች። በኅዳር ወር ደግሞ በሕንድ አገር በዴልሂ ከተማ በ1 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ46 ሰከንድ አሸነፈች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፣ ዝናዋ በአንድ ቀን የመጣ አልነበረም።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ነሐሴ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜን አየርላንድ በላርን ከተማ የሆነው ነገር ነው። በዚያን ቀን ግማሽ ማራቶኑን በ1 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ፈጽማ፣ የዓለምን ክብረ ወሰን በ18 ሰከንድ አሻሻለች ተባለ፤ ወሬውም በዓለም ሁሉ ተሰማ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መንገዱ እንደገና ሲለካ ግን ሊሆን ከሚገባው ከ21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል 54 ሜትር ጐድሎ ተገኘ። ስለዚህ ክብረ ወሰኑ ሳይጸድቅ ቀረ። ጥፋቱ የሯጯ አልነበረም፤ ሆኖም መለኪያ ለማንም የማያዳላ ስለ ሆነ ፍርዱ የጸና ሆነ።

የጐዳና ሩጫ መንገድ የሚለካው ቍጥር መቍጠሪያ በመንኰራኵሩ ላይ በተገጠመለት ቢስክሌት ነው። ለካዩ ሯጭ ሊሄድበት የሚችለውን አጭሩን መሥመር ይከተላል፤ እንዳይጐድልም በየኪሎ ሜትሩ አንድ ሜትር ይጨምራል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ለማያውቀው ሰው ከንቱ ድካም ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን የሯጭ ድካም ዋጋ የሚያገኘው በዚህ ጥንቃቄ ነው።

ያለምዘርፍ በዚህ አዝና አልቀረችም። የካቲት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በስፔን አገር በካስቴዮን ከተማ 10 ኪሎ ሜትሩን በ29 ደቂቃ ከ14 ሰከንድ ሮጣ የዓለምን ክብረ ወሰን በ24 ሰከንድ አሻሻለች። ይህ ክብረ ወሰን ኬንያዊቷ አግነስ ንጌቲች በ2016 ዓ.ም. እስክታሻሽለው ድረስ ጸንቶ ኖሯል። ሚያዝያ 16 ቀን 2014 ዓ.ም. በሐምቡርግ የመጀመሪያዋን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ፈጸመች፤ እስከዚያ ቀን ድረስ በመጀመሪያ ማራቶኗ እንዲህ የፈጠነች ሴት አልነበረችም። በነሐሴም ወደዚያው ወደ ላርን ተመልሳ አሸነፈች። መስከረም 22 ቀን 2015 ዓ.ም. በለንደን ማራቶን፣ ሊያልቅ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ተሰናክላ ወደቀች፤ ወዲያው ተነሥታ ግን ሁሉን ቀድማ ገባች። በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ 23 ዓመት ስለ ነበረ፣ ያን ውድድር ካሸነፉት ሴቶች ሁሉ በዕድሜ ታናሽ እርስዋ ሆነች።

ይህ ታሪክ በጐንደር ከተማና በሰሜን ጐንደር ደጋ ለሚኖሩ ወላጆች፣ መምህራንና ሹማምንት ሁሉ የሚነግረው ነገር አለ። ከጐንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር በማያንስ አገር ላይ ይጓዛል። ከዚያም በላይ በስሜን ተራራ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች ደም ተመርምሮ በ1995 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ አየር በሳሳበት በዚያ ስፍራ የሰዎቹ ደም የኦክሲጅን መጠን በቈላ ከሚኖር ሰው እምብዛም እንደማያንስ አስረድቷል። ይህ ማለት የደጋ ልጅ ሁሉ ሯጭ ይሆናል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ተፈጥሮ የድርሻዋን ያልነፈገችው አገር መሆኑን ያሳያል። የቀረው የሰው ድርሻ ነው።

የሰውም ድርሻ የሚጀምረው ከቤት ነው። ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ዳገት ወጥታና ቍልቍለት ወርዳ ትምህርት ቤት የምትደርሰው ልጅ ጕልበቷ ሳይለካ በልጅነቷ ብትዳር፣ ያጣችው ምን እንደ ሆነ እርስዋም ወላጆችዋም ሳያውቁት ይቀራል። ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ እንዳትዳር ሕግ ይከለክላል፤ ሕጉ የሚፈጸመው ግን በአባትና በእናት ፈቃድ ጭምር ነው። አንዳንድ ወላጆች ሩጫ ጨዋታ እንጂ ሥራ አይደለም ይሉ ይሆናል። ዛሬ ግን ሩጫ ውል የሚፈረምበት፣ ደመወዝና ሽልማት የሚገኝበት ሙያ ነው። በሌላ በኩል ከብዙዎች አሸናፊ የሚሆኑት ጥቂቶች ስለ ሆኑ፣ ልጅቱ ለሩጫ ብላ ትምህርቷን እንድትተው ማድረግ አይገባም፤ ሁለቱ ተስማምተው እንዲሄዱ ማድረግ የአስተዋይ ወላጅ ሥራ ነው።

ሹማምንትና መምህራንም ብዙ ወጪ ሳይጠብቁ ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር አለ። በየትምህርት ቤቱ በትክክል የተለካ መሮጫ፣ ሰዓት የሚይዝ መምህርና የሴት ልጆች ውጤት በየጊዜው የሚጻፍበት መዝገብ ቢኖር፣ የትኛዋ ልጅ ወደ አሠልጣኝ መላክ እንዳለባት በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይታወቃል። የጐንደር ዩኒቨርሲቲም ገና የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከነበረበት ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ ባካበተው የሕክምና ዕውቀት ስለ ምግባቸውና ስለ ጤናቸው ቢመክር፣ ለአካባቢው ልጆች ታላቅ ረዳት ይሆናል።

በላርን የጐደለው 54 ሜትር ለአንዲት ሯጭ የአንድ ቀን ድካሟን አስቀረባት፤ እርስዋ ግን ሌላ የተለካ መንገድ ነበራትና ያጣችውን ክብር በሌላ ቀን አገኘችው። አንድም የተለካ መንገድ ሳያገኙ የሚያድጉ የደጋ ልጆች ግን የሚያጡት የአንድ ቀን ድካም ሳይሆን የዕድሜ ልክ ሙያ ነው። ስለዚህ ዘር ሳያልፍ እርሻ እንደሚታረስ፣ የልጆችም የማደጊያ ጊዜ ሳያልፍ ሊታሰብላቸው ይገባል።