ስኮርታ አለ፣ መፍቻ የለም! ኪሳራው የማን ነው?

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ተባይም አይደለም። ተናድጄ ነው የምጽፈው።

ባለፈው መጋቢት እዚሁ ፎገራ አንድ አርሶ አደራችን በመስኖ ያለሙትን ቲማቲም ማልደው አስለቅመው፣ 9 ሳጥን ባጃጅ ላይ ጭነው ወደ ወረታ ተነሱ። አስፋልቱ ጋ ሳይደርሱ የኋላው ጎማ ፈነዳ። ስኮርታ አለ፣ ነፋስም አለው። የጎማ መፍቻ ግን የለም! ሾፌሩ ቤት ረስቶታል። እኔ በሞተር ሳልፍ አገኘኋቸውና ልረዳ ብዬ የሞተሬን የጎን ክዳን ብከፍት የኔም ባዶ ነው፤ መፍቻዬን ለጓደኛ አውሼ እዚያው ቀርቷል። አፈርኩ። መፍቻ ፍለጋ ሰው ተልኮ እስኪመለስ 7 ሰዓት ሆነ። ወረታ ሲደርሱ ነጋዴው ኢሱዙውን ሞልቶ ሄዷል። ቲማቲሙ በግማሽ ዋጋ ተሸጠ፤ ከታች የነበረው ፈርጦ ለከብት ሆነ።

ይህን ሳወራ ብዙ ሰው ምን ይለኛል? «እሱ የሾፌሩ ጉዳይ ነው።» ሾፌሩን ስትጠይቁት «ባለንብረቱ አልገዛልኝም» ይላል። ባለንብረቱ ደግሞ «የሚነዳው እሱ አይደል?» ይላል። እሺ፣ የፈረጠው ቲማቲም የማን ነበር? የሾፌሩ ነው? ለወራት ውሃ ስታጠጡ፣ መድኃኒት ስትረጩ የከረማችሁት እናንተ ናችሁ እኮ!

ደግሞ ገንዘብ የለም አትበሉኝ። ባጃጁ ላይ ትልቅ ስፒከር፣ ባለ ቀለም መብራት፣ የወንበር ጌጥ አለ። መፍቻ ሲባል ነው ብር የሚጠፋው።

መያዝ ያለበት ብዙ አይደለም። ለባጃጅ ከስኮርታው ጋር ዳዶው ላይ ልክ የሚገባ የጎማ መፍቻ። ክሪክ ባይኖር እንኳ ጭነቱን አውርዳችሁ፣ ጠንካራ ሁለት ሰው ወደ ጎን አዘንብሎ ከያዘው ጎማው ይቀየራል። ነገር ግን መፍቻውን ገዝቶ ማስቀመጥ ብቻ አይበቃም፤ ቤት እያላችሁ አንድ ጊዜ ፍቱበት። የኛ ጭቃ ዳዶ ያዝጋል፣ ጎሚስታውም አንዳንዴ ከልክ በላይ ያጠብቀዋል። ርካሹ መፍቻ ደግሞ የዳዶውን ጠርዝ ይልጠዋል፣ ያኔ ባለሙያም ይቸገራል። ለሞተር ሳይክል ካንዴላ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ባለ 10 እና ባለ 12 ቁልፍ፣ ትርፍ ካንዴላ፣ ትንሽ ሽቦ፣ የእጅ ፓምፕ። ሞተሩ አልነሳ ካለ መጀመሪያ ካንዴላውን እዩ። ሲቀዘቅዝ ፍቱት፤ ቤንዚን ካራሰው ወይ ጥቀርሻ ከያዘው በደረቅ ጨርቅ ጠርጉት፣ ካልሆነ ትርፉን ግጠሙ። ስንት ሰው በዚህች ብቻ ሞተር ሲገፋ ውሏል!

«ሳንነካካው ይሻላል፣ የባለሙያ ሥራ ነው» የሚሉም አሉ። ፍሬን ከሆነ፣ ወይም ሞተሩ ውስጥ ከሆነ እውነታቸውን ነው፤ እሱን ለመካኒክ ተዉት። ጎማ መቀየር ግን ምኑ ነው የባለሙያ? ሞፈርና ቀንበር የሚያስተካክል እጅ አራት ዳዶ አቅቶት አያውቅም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሳጥን እንኳ ከመጫናችሁ በፊት ሾፌሩን ጠይቁት፦ ስኮርታ አለህ? መፍቻህስ የታለ? «አለ» ቢላችሁ አትመኑ፣ አውጥቶ ያሳያችሁ። ከሌለው ሌላ ባጃጅ ጥሩ። ይቀየማል፤ ይቀየም። ሁለት ሦስት ጭነት ሲያመልጠው ይገዛል።

እኔም አዲስ ገዝቻለሁ። ቀበሌ ስመጣ የሞተሬን ክዳን አስከፍታችሁ እዩ። ማዋስ ግን አቁሜያለሁ፣ ከወዲሁ ይቅርታ።