«በ1956» ወይስ «ሁኔታው እንደ ፈቀደ»፦ የናይጄሪያ እንደራሴዎች ክርክር

ስለ አፍሪካ ነጻነት ሲነገር በጫካና በበረሃ የተደረገው ተጋድሎ ብዙ ይነሣል፤ የሚገባውም ነው። ዳሩ ግን በምዕራብ አፍሪካ ከነበሩት የእንግሊዝ ቅኝ አገሮች በጦር ሜዳ ድል ነጻ የወጣ አንድም የለም። የእነዚህ አገሮች ነጻነት የተገኘው፣ ከአደባባዩ ሰልፍና ከሠራተኞች አድማ ጋራ፣ ራሱ ቅኝ ገዢው ባቋቋማቸው ምክር ቤቶች ውስጥ በውሳኔ አሳብ፣ በማሻሻያና በድምፅ ቈጠራ ነው። እንዲህ ካሉት ክርክሮች መካከል መጋቢት 22 ቀን 1945 ዓ.ም.፣ ማለት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ማርች 31 ቀን 1953፣ በሌጎስ ከተማ የተደረገውን ዛሬ መለስ ብለን እንመለከታለን። የክርክሩ መነሻ የዓመት ቍጥር ስለሆነ ከዚህ በታች ያሉትን ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናቸዋል።

በዚያን ቀን በናይጄሪያ የእንደራሴዎች ምክር ቤት፣ አክሽን ግሩፕ የተባለው የምዕራቡ ክፍለ አገር ፓርቲ አባል የሆኑት ሚስተር አንቶኒ ኤናሆሮ ተነሥተው አንድ የውሳኔ አሳብ አቀረቡ። ሚስተር ኤናሆሮ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላቸው ጋዜጠኛ ነበሩ። የጠየቁትም ናይጄሪያ በ1956 ራሷን በራሷ ማስተዳደር እንድትጀምር ምክር ቤቱ ይህን ዋና የፖለቲካ ዓላማው አድርጎ እንዲቀበል ነው። ከዚህም በኋላ የሰሜኑ ሕዝብ ኮንግረስ መሪ፣ የሶኮቶው ሳርዳውና አልሃጂ አህመዱ ቤሎ ተነሡና ማሻሻያ አቀረቡ። ዋናውን አሳብ አልተቃወሙም፤ «በ1956» የሚለው ብቻ ተሰርዞ በምትኩ «ሁኔታው እንደ ፈቀደ በቶሎ» የሚል ይግባ አሉ። ልዩነቱ ይኸው ነበር።

የሌጎስ ሕዝብ ነገሩን ያየው በአንድ መልኩ ብቻ ነበር። ቀን የቈረጠው አገሩን የሚወድ፣ ቀን ያልቈረጠው ደግሞ የእንግሊዝ ወዳጅ ተባለ። በውጭ አገር የነበሩ ብዙ ታዛቢዎችም ነገሩን በዚሁ ዓይን አዩት። እኛ ግን ጉዳዩ እንዲህ ቀላል አልነበረም እንላለን፤ ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

ሰር ፍሬድሪክ ሉጋርድ በ1914 ሰሜንና ደቡብ ናይጄሪያን አንድ አደረጉ ይባላል። አንድ የሆነው ግን ከሁሉ በፊት ባቡሩና የገንዘቡ መዝገብ ነው፤ ሕዝቡ ተለያይቶ መገዛቱ አልቀረም። በሰሜን የእስላም ኤሚሮች በእንግሊዝ ሹማምንት ምክር ግዛታቸውን እንደያዙ ቈዩ። የሚሲዮን ትምህርት ቤቶችም ወደ ኤሚሮቹ አገር እንደ ልብ እንዳይገቡ ተከለከሉ። በደቡብ ግን በየከተማው ትምህርት ቤት፣ ማተሚያ ቤትና ጋዜጣ ተስፋፋ። በ1922 የወጣው ሕገ መንግሥት ለሌጎስ ሦስት፣ ለካላባር አንድ የተመረጠ እንደራሴ ሲፈቅድ፣ ያ ምክር ቤት ለሰሜኑ ሕግ የማውጣት ሥልጣን አልነበረውም። የሰሜን ሰዎች ከደቡብ ሰዎች ጋራ በአንድ የሕግ ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጡት በ1947 ነው። እንግዲህ በ1953 እነዚህ እንደራሴዎች በአንድ ጣራ ሥር መከራከር ከጀመሩ ገና ስድስት ዓመታቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል ለያይቶ የገዛው መንግሥት፣ ተለያይታችኋልና ነጻነት ይቈያችሁ ለማለት ምን ያህል መብት እንደነበረው አንባቢ ይፍረድ።

በ1951 የወጣው፣ በገዢው በሰር ጆን ማክፈርሰን ስም የሚጠራው ሕገ መንግሥትም ለዚህ ጠብ በር ከፋች ነበር። በሌጎስ ከሚቀመጡት 136 የተመረጡ እንደራሴዎች 68ቱ የሰሜን፣ 34ቱ የምዕራብ፣ 34ቱ የምሥራቅ ነበሩ። እነዚህንም የሚመርጣቸው ሕዝቡ በቀጥታ ሳይሆን የየክፍለ አገሩ ምክር ቤት ከአባሎቹ መካከል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ እንደራሴ ወደ ሌጎስ የሚመጣው እንደ ናይጄሪያ ወኪል ሳይሆን እንደ ክፍለ አገሩ መልእክተኛ ነበር። የምሥራቁ ታላቅ መሪ ዶክተር ናምዲ አዚኪዌ እንኳ ከሌጎስ ለምዕራቡ ምክር ቤት ተመርጠው ሳለ፣ ያ ምክር ቤት ወደ ማእከላዊው ስላልላካቸው ከዚህ ክርክር ውጭ ነበሩ። ከዚህም ሌላ ግማሹ ወንበር በሰሜን እጅ ስለሆነ ያለ ሰሜን ፈቃድ ማናቸውም የውሳኔ አሳብ ሊያልፍ አይችልም። ሚስተር ኤናሆሮና ጓደኞቻቸው ይህን ቈጠራ አያውቁም ነበር ለማለት አንችልም።

ታዲያ ለምን አቀረቡት? ቀን ያልተቈረጠለት ተስፋ በቅኝ ገዢ እጅ ምን እንደሚሆን ስለሚያውቁ ነው። «ሁኔታው እንደ ፈቀደ» ሲባል፣ መፍቀዱን የሚወስነው ማን ነው? ገዢው ራሱ ነው። ስለዚህ ቀን መጠየቃቸው ትክክል ነበር። ነገር ግን ሰሜኖቹም የሚፈሩት ነገር ነበራቸው። በሰሜን ከተሞች በጽሕፈት ቤቱ፣ በባቡር ጣቢያውና በፖስታ ቤቱ ተቀምጦ የሚሠራው አብዛኛው የተማረ ሰው የደቡብ ሰው ነበር። እንግሊዙ በ1956 ቢሄድ ወንበሩን የሚወርሰው ማን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የኤሚሮቹ ወገን ይህን ስጋት የራሱን ሥልጣን ለመጠበቅ እንደተጠቀመበት እናውቃለን፤ ሆኖም ስጋቱ የፈጠራ አልነበረም። ይህን ስጋት የሚያቃልል አንዳች ዋስትና ከውሳኔው አሳብ ጋራ አብሮ ቢቀርብ ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ብለን እናምናለን።

የሆነው ግን ሌላ ነው። የሚኒስትሮቹ ሸንጎ ሚኒስትሮች በዚህ ጉዳይ እንዳይናገሩና ድምፅ እንዳይሰጡ በብልጫ ወስኖ ስለነበር፣ አራቱ የምዕራብ ሚኒስትሮች ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ከሰሜን ወገን ክርክሩ ይተላለፍ የሚል አሳብ ሲቀርብ፣ የአክሽን ግሩፕና የናይጄሪያና የካሜሩን ብሔራዊ ሸንጎ አባሎች ምክር ቤቱን ጥለው ወጡ። ሳርዳውናውም የ1914ቱ ስሕተት ዛሬ ተገለጠ በማለት ተናገሩ። በውሳኔው አሳብ ላይ በዚያ ቀን ድምፅ አልተሰጠም። እኛን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነንም ይህ ነው። ድምፅ ተሰጥቶበት ቢሸነፍ እንኳ ክርክሩ በምክር ቤቱ ውስጥ ያልቅ ነበር፤ አሁን ግን ወደ ጎዳና ወጣ።

ሰሜኖቹ ከምክር ቤቱ ሲወጡ የሌጎስ ሕዝብ ጮኸባቸው፣ ሰደባቸውም፤ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በባቡር ጣቢያዎችም ስድቡ ተከተላቸው። ይህን ውርደት ሳይረሱ ስምንት ነጥብ ያለው ጥያቄ አወጡ፤ ይኸውም ማእከላዊ የሕግ ምክር ቤት ቀርቶ እያንዳንዱ ክፍለ አገር ራሱን እንዲችል፣ ለጋራ ጉዳይ አንድ ወኪል መሥሪያ ቤት ብቻ እንዲኖር የሚል ነው። ከመገንጠል እምብዛም የራቀ አልነበረም። በሜይ ወር አክሽን ግሩፕ በካኖ ከተማ ስብሰባ ሊያደርግ ባሰበ ጊዜ፣ ከሜይ 16 እስከ 19 ድረስ በከተማው ሁከት ተነሣ። ባለሥልጣኖቹ እንደ ገለጹት 36 ሰዎች ሞቱ፤ የቈሰሉትም ከ200 በላይ ነበሩ። ከሞቱት ውስጥ 1956 የሚባለውን ዓመት ጉዳዬ ብሎ የማያውቅ ስንት ነጋዴና ስንት ሸክም ተሸካሚ እንደነበረ ማንም አልመዘገበው።

ሰሜኖቹ በኋላ ከመገንጠል አሳብ እንዲመለሱ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ጂኦግራፊ ነው። የካኖ ለውዝ ወደ ባሕር የሚወርደው 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል በባቡር ተጉዞ በሌጎስ ወደብ በኩል ነበር። ወደብ የሌለው አገር ይህን ማስላት ግድ ይሆንበታል፤ የኛ አገር አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የእንግሊዝ የቅኝ አገሮች ሚኒስትር ሚስተር ኦሊቨር ሊትልተን የናይጄሪያን መሪዎች በጁላይ መጨረሻ ወደ ሎንዶን ጠሩ። በዚያ ጉባኤ የተገኘው ስምምነት ለሁሉም ጥቂት ጥቂት የሰጠ ነው፤ አገሩ በፌዴራሲዮን ይተዳደራል፣ በ1956 ራስ ገዝ ለመሆን የሚፈልግ ክፍለ አገርም ይፈቀድለታል። አዲሱ ሕገ መንግሥት ኦክቶበር 1 ቀን 1954 ጸና። ምሥራቅና ምዕራብ ራስ ገዝ የሆኑት በ1957፣ ሰሜን በ1959 ነው። በ1957 ሚስተር አኪንቶላ ለ1959 ነጻነት የሚጠይቅ የውሳኔ አሳብ ሲያቀርቡ ሰሜኑም ደግፎ በአንድ ድምፅ አለፈ። የስድቡና የሁከቱ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ ያው ምክር ቤት ቀን ለመቍረጥ አላቃተውም ማለት ነው። ሙሉ ነጻነቱም ኦክቶበር 1 ቀን 1960 መጣ።

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይታወስ አንድ ነገር እንጨምራለን። ሚስተር ኤናሆሮ ከተናገሩ ከሦስት ወር በኋላ፣ በጁላይ 10 ቀን 1953፣ ዶክተር ክዋሜ ንክሩማ በጎልድ ኮስት ምክር ቤት ስመ ጥር የሆነውን የነጻነት ጥያቄያቸውን አቀረቡ። በዚያ የውሳኔ አሳብ ውስጥ የዓመት ቍጥር አልነበረም፤ የሚያስፈልገው የሕገ መንግሥትና የአስተዳደር ዝግጅት እንዳለቀ የነጻነቱ ሕግ ይውጣ የሚል ነበር። ሳርዳውናው ከጠየቁት ቃል ብዙም የራቀ አይደለም። ሆኖም ጎልድ ኮስት ጋና ተብላ በማርች 1957 ከናይጄሪያ ቀድማ ነጻ ወጣች።

የናይጄሪያ ተከራካሪዎች ፍጻሜ የተለያየ ነው። ሳርዳውናውና ሚስተር አኪንቶላ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑት ከአልሃጂ አቡበከር ታፋዋ ባሌዋ ጋራ፣ በጃንዋሪ 1966 በተነሣው የወታደሮች ግልበጣ ተገደሉ። በዚያው ዓመት በሰሜን ከተሞች፣ በካኖም ጭምር፣ ብዙ የምሥራቅ ሰዎች ተፈጁ፤ በ1967ም ምሥራቁ ቢያፍራ ተብሎ ተለየና ጦርነት ሆነ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ያቋቋመው የናይጄሪያ ጉዳይ ኮሚቴ በኦገስት 1968 ሁለቱን ወገኖች በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሊቀ መንበርነት በአዲስ አበባ ሲያገናኝ፣ የፌዴራሉን መንግሥት ልዑካን እየመሩ የመጡት እነዚያው አንቶኒ ኤናሆሮ ነበሩ። በ1953 አብሯቸው ምክር ቤቱን ጥሎ የወጣው የምሥራቁ ወገን አሁን በጠረጴዛው ማዶ ተቀምጧል፤ በዚያን ቀን የተለዩዋቸው ሰሜኖች ደግሞ የእሳቸው ወገን ሆነዋል። ንግግሩ ሳምንታት ፈጅቶ ያለ ስምምነት ተበተነ፤ ጦርነቱም እስከ ጃንዋሪ 1970 ቀጠለ።