እየኖሩበት የሚያሠሩት ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ ቪላውን ወደ ጂ ፕላስ ዋን ለማሳደግ ያሰበን ሰው «እስከዚያ የት ልትቆዩ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «እዚሁ ነዋ! እየኖርንበት እናሠራዋለን» ይላችኋል። ሒሳቡ ብልህ ይመስላል። ኪራይ ይቀራል፣ ሲሚንቶና ፌሮው ይጠበቃል፣ ሠራተኛው ከዓይን አይርቅም። ዘመድ ይስማማል፣ ጎረቤት ያደንቃል፣ ኮንትራክተሩም ደስ ይለዋል። የኮንትራክተሩ ደስታ እንኳ ሊያጠራጥረን በተገባ ነበር።

ምክንያቱም ሌላ ቦታ ኪራይ የሚከፍል ባለቤት በየሳምንቱ «መቼ ነው የሚያልቀው?» እያለ ይጨቀጭቃል። ውስጥ ያለው ግን ቀን አይቆርጥም፤ መኖሪያ አለውና። ግንበኛው ቤተሰቡ እስኪነሳ ቆሞ ይጠብቃል፣ እንግዳ ሲመጣ መዶሻውን ያስቀምጣል። ውሃና መብራት ለአንድ ሙሉ ቀን ማቋረጥ ስለማይቻል የቧንቧው ሥራ በቁርጥራጭ ሰዓት ይሠራል። የቀን ሠራተኛው ግን የሚከፈለው በሙሉ ቀን ነው። መዘግየቱ ሁሉ «እናንተ ስላላችሁ እኮ ነው» በሚል ይዘጋል። ርክክብ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል፤ በየክፍሉ ሲያድር የከረመ ሰው በየትኛው አፉ «በዚህ ሁኔታ አልረከብም» ይላል?

ከሁሉ የሚከፋው ሶሌታው፣ ማለትም የፎቁ ወለል አርማታ፣ የሚሞላበት ጊዜ ነው። አሮጌው የብሎኬት ግድግዳ ፎቅ እንዲሸከም አልተሠራም፤ ስለዚህ ከነባሩ መሠረት ጎን ተቆፍሮ አዲስ ኮለን ይቆማል። ቆርቆሮው ይነሳል፣ ኮርኒሱ ይፈርሳል፣ ሳሎኑ በባሕር ዛፍ ድጋፍ ይሞላል። አርማታ ደረሰ የሚባልበት ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ውሃ ሳይለየው መጠጣት አለበት። ያ ውሃ ወዴት ይወርዳል? ወደ አልጋው። የደከመው ቤተሰብ ታዲያ ፎርማኑን መለማመጥ ይጀምራል፦ «ለፋሲካ ሳሎኗን ብቻ ልቀቁልን።» ድጋፍ ለዶሮ ወጥ ሲባል ያለ ጊዜው ሲነቀል አይቻለሁ። መሐንዲሱ ያሰላውን ቀን የሚሽረው የበዓል ካሌንደር ሆነ ማለት ነው።

ከዚያ ሴራሚክና ግራናይት መቁረጥ ይመጣል። በግራይንደር በደረቁ ሲቆረጡ የሚወጣው ብናኝ ሲሊካ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ብናኝ በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ ከመደበው ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ጎጂው ክፍል በዓይን የማይታይ ደቃቅ ስለሆነ፣ ወለሉ ተጠርጎ ጠረጴዛው ተወልውሎም አየሩ ላይ አለ። የሚፋቀው አሮጌ ቀለም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአገራችን የወጣው ደንብ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ የተባለው ብረት በሚሊዮን ከ90 ክፍል እንዳይበልጥ ይላል፤ ከደንቡ በፊት የተቀባው ግድግዳ ግን ደንቡን አያውቅም።

ይህን ሁሉ የሚተነፍሰው ማን ነው? «እየኖርንበት» ያለው አባወራ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ታጥቦ፣ ለብሶ ወደ ቢሮው ይሄዳል። የሚኖሩበት ሌሎቹ ናቸው፦ አያት፣ ትምህርት ቤት ያልገባ ሕፃን፣ ምድጃዋን ግቢ አውጥታ በዝናብ የምትቀቅለው እናት፣ ያንኑ ወለል ከጠዋት እስከ ማታ ስትጠርግ የምትውል የቤት ሠራተኛ። የግንበኞቹ ሻይም በእነሱው ትከሻ ነው። ተረፈ የተባለው ኪራይ ተከፍሏል፤ የከፈሉት ግን ውሳኔው ላይ ያልተጠየቁት ናቸው። ደብተር ላይ ስላልሰፈረ ትርፍ ተባለ።

አማራጭ የሌለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ቤተሰብ ወለሉና ግድግዳው ሳያልቅ የሚገባው የባንክ ዕዳና ኪራይ በአንድ ደመወዝ ስለማይቻል ነው፤ በእሱ ላይ ቃል አልወረውርም። ለአጭር ጊዜ መከራየትም ቀላል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚል፣ ለጥቂት ወራት የሚፈልግ ተከራይን ብዙ አከራይ አይወድም። ተከራይን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ነው፤ አልነቅፈውም። የኔ ክርክር ለደረጃው ግራናይት፣ ለበረንዳው መስታወት ገንዘብ መድቦ፣ ቤተሰቡን ለሁለት ወር የሚያስወጣበት ብር ግን «ብክነት ነው» ከሚለው ጋር ነው።

የግንባታውን ዘመን ሁሉ ውጭ ማደር የግድ አይደለም። መውጣት የሚያስፈልገው ጣሪያው ሲነሳና ሶሌታው ሲሞላ፣ ኋላም ልስኑ ሲፋቅና ሴራሚኩ ሲቆረጥ ነው። እነዚህ ጊዜያት በውሉ ላይ በቀን ይጻፉ፤ ከቀኑ ያለፈውን ኪራይ ኮንትራክተሩ ይክፈል። የታቀደው ኪራይም ከግንባታው ዋጋ ጋር አብሮ ይቆጠር፣ እንደ ሲሚንቶው። በቀረው ጊዜ መቆየት ካስፈለገ፣ አንድ መጸዳጃና አንድ ማብሰያ ቀድሞ በሰርቪስ ቤቱ በኩል ይዘጋጅ፤ የሠራተኛው መግቢያም ከቤተሰቡ ይለይ። «ሲሚንቶውን ማን ይጠብቃል?» ለሚለው፣ ዘበኛ ይቀጠራል። አያትን ዘበኛ ማድረግ ግን ነውር ነው።