በረካው ለማን ወረደ?

የማግሪብን የመካከለኛ ዘመን ታሪክ ትንሽ የቀማመሰ ሰው አንድ ነገር ማለት ይወዳል፤ «ሕዝቡ ያልተማረ ነበርና መቃብር አመለከ፣ የሼኹን ዘር ሲቀልብ ኖረ!» እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ነገሩን ከድሃው ጫንቃ አውርደን ወደ ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ብንወስደው ይሻላል።

አቡ መድየንን እንውሰድ። ሴቪል አካባቢ የተወለደ እረኛ ነው፤ ፌዝ ገብቶ ሽመና እየሠራ ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1198 ገደማ ሲሞት ከትለምሴን ወጣ ብላ በምትገኘው አል ኡባድ ተቀበረ። በ1337 የመሪኒዱ ሱልጣን አቡ ልሐሰን ትለምሴንን በጦር ያዘ። ከዚያስ ምን ቢሠራ ጥሩ ነው? በሁለት ዓመት ውስጥ ከሸማኔው መቃብር አጠገብ እጅግ ያማረ መስጊድ! በሰይፍ ያላገኘውን የከተማይቱን ልብ በመቃብር ሊገዛ ነዋ። መቃብሩን ሲጠብቅ ከኖረው ቤተሰብ የተወለደው ሊቅ ኢብን መርዙቅ ደግሞ የሱልጣኑ ባለሟል ሆነ፤ ጌታው ከሞተ በኋላም የውዳሴ መጽሐፍ ጻፈለት። ይህ እንግዲህ ያልተማረ ሰው አይደለም።

የፌዙማ ይባስ። በ1437 የዳግማዊ ኢድሪስ መቃብር «ተገኘ» ተባለ፤ ሰውየው ከሞተ ስድስት መቶ ዓመት አልፎታል! ዘራቸውን ከእሱ የሚቆጥሩት ሸሪፎች ከበሩ፤ ቤተ መንግሥቱም በክብራቸው ሊሞቅ ተጠጋ። ሙቀቱ ግን ፈጀው። በ1465 ፌዝ ተነሥታ የመጨረሻውን የመሪኒድ ሱልጣን አብዱልሐቅን ገደለች፤ የሸሪፎቹን አለቃም በቦታው ተካች።

ድሃው ከዛዊያ የሚፈልገው ሌላ ነበር። መንገደኛ እዚያ ያድራል፣ ይበላል፤ ልጅ ቁርኣን ይቀራል፤ የተጣሉ ጎሳዎች በወሊዩ ዘር ፊት ይታረቃሉ። ይኼ ድንቁርና ከተባለ እንግዲህ ምን ይባላል! ኢብን ኸልዱን ያህል ሰው እንኳ ፖለቲካ ሲሰለቸው አል ኡባድ ገብቶ ተሸሽጎ ነበር። (ሱልጣኑ እዚያም አላስቀመጠውም፤ ጠርቶ ሥራ ሰጠው።)

በረካ በደም ይወርዳል ወይ ቢሉኝ እኔ ፈራጅ አይደለሁም። በአትላንቲክ ዳርቻ፣ ቲት በተባለው የምናኔ ስፍራ፣ የአምጋር ቤተሰብ ወሊይነትን ከአባት ወደ ልጅ ሲቀባበል ኖሯል፤ አማኙ ወርዷል ካለ የእሱ ጉዳይ ነው። እኔን የሚከነክነኝ አብሮ የሚወርደው ነገር ነው። ሱልጣኖች እንዲህ ላሉ ቤቶች መሬት ይሰጡ፣ ግብር ይምሩ ነበር። የተማረውን ግብር ታዲያ ማን ከፈለው? ያው «መቃብር አመለከ» የምንለው ገበሬ ነዋ!