ስለ ሾፌሮቻችን ጋቢና ሙቀት

በሐምሌ ወር ካፖርቱን ደርቦ አዲስ አበባ ከቢሮው የገባ ነጋዴ፣ ዕቃው የት እንደ ደረሰ ለመጠየቅ ስልክ ሲያስደውል፣ በሌላው ጫፍ የሚመልስለት ሰው ሸሚዙን አውልቆ በላብ የተጠመቀ መሆኑን አብዛኛውን ጊዜ አያስበውም። እኛ ክረምት ብለን የምንጠራቸው ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ለአፋር ቈላና ለጅቡቲ ጠረፍ የዓመቱ ሙቀት የሚጸናባቸው ወራት ናቸው። በጅቡቲ ከተማ በሐምሌ ወር የቀኑ ሙቀት ዘወትር 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ ሌሊቱም ቢሆን ከ30 ዲግሪ እምብዛም ዝቅ አይልም። ኻምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ ሲጨመርበትማ ጥላ ራሱ የሚያቃጥል ይመስላል።

ከግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የአሰብ በር ስለ ተዘጋብን፣ ከውጭ የምናስገባው ዕቃ የሚበዛው ክፍል የሚመጣው በጅቡቲ በኩል ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የባቡር ሐዲድ የበኩሉን ድርሻ ቢይዝም፣ የመኪናው መንገድ ሥራ አልፈታም። ሾፌሩ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ተነሥቶ፣ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ አልፎ፣ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከባሕር ዳርቻ ይደርሳል። መንዳቱ እንኳ ቀላሉ ነው፤ ነፋስ አለና። የሚከብደው ተራ እስኪደርስ፣ ሰነድ እስኪያልቅ፣ ዕቃ እስኪጫን ድረስ ቆሞ ማደሩ ነው። በውጭ አገር ለዕረፍት የሚወጡ ሰዎች አልጋና ምድጃ ያለበት መኪና ገዝተው፣ በበጋ ወራት ስለ ማቀዝቀዣው ብዙ ይጨነቃሉ። የእኛ ሾፌርም ከመቀመጫው ኋላ አልጋ፣ ከእግሩ ሥር ጀበናና ቡታጋዝ አለው፤ የሚኖረው ግን ለመዝናናት ሳይሆን የእኛን ንግድ ለማድረስ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የገዛ ራሴ ስሕተት ነው። በ2014 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ ከአሠሪዬ ሰነዶች በአንዱ ላይ የኮንቴይነሩን ቍጥር ስተይብ ሁለት አኃዞች አፈራረቅሁ። ስሕተቱ የታወቀው መኪናው ከጠረፍ ከደረሰ በኋላ ነበር። ሰነዱ ታርሞ እስኪላክ ድረስ ሾፌሩ ጥላ በሌለው ሜዳ ላይ ሁለት ሌሊትና ሦስት ቀን ቆመ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ረዳቱ ሊቀሰቅሰው ቢሄድ፣ ጌታው የማይገናኝ ነገር ሲናገር፣ ገላውም እንደ እሳት ሲፋጅ አገኘው። ብልኅ ልጅ ነበርና አውርዶ በተሳቢው ጥላ አስተኝቶ፣ የነበራቸውን ውኃ ሁሉ አፈሰሰበትና በጨርቅ አራገበው። ሰውየው ዳነ። በሒሳብ መዝገባችን ላይ ለመኪናው ቆይታ የተከፈለው ገንዘብ እስከ ሳንቲሙ ተመዘገበ፤ ስለ ሰውየው ግን የምጽፍበት ዓምድ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሾፌሮች ሰነድ ሊቀበሉ በመጡ ቍጥር መጠየቅና ማንበብ ጀመርሁ። በፀሐይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጡ ከውጭው አየር ይልቅ በ20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ የሚበዛውም ጭማሪ የሚደርሰው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው። ብርሃኑ በመስተዋቱ አልፎ መቀመጫውንና ዳሽቦርዱን ያግላል፤ የጋለው ዕቃ የሚመልሰው ሙቀት ግን በመስተዋቱ በቀላሉ አይወጣም። መስኮቱን ጣት ያህል ዝቅ ማድረግም ይህን ብዙ አያሻሽለውም። ስለዚህ ዋናው ብልኀት ፀሐይን ከመስተዋቱ ውጭ ማስቀረት ነው። ብዙዎቹ መጋረጃ ከውስጥ ይዘረጋሉ፤ ይህም ከምንም ይሻላል፣ ነገር ግን የሚከለክለው ሙቀቱ ከገባ በኋላ ነው። ነጭ ሸራ ከውጭ በፊተኛው መስተዋትና በሁለቱ በሮች ላይ ቢታሰር፣ ከጣሪያውም በላይ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ተትቶ ቢወጠር፣ ልዩነቱን ለማወቅ የሙቀት መለኪያ አያስፈልግም።

አቋቋሙም ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ከቀትር በኋላ ለማረፍ የሚቆም ሾፌር የመኪናውን ፊት ወደ ምሥራቅ ቢያዞር፣ ከጋቢናው የሚረዝመው ኮንቴይነር የምዕራቡን ፀሐይ በጀርባው ይቀበልለታል፤ ጥላውም ወደ ፊት እየረዘመ ጋቢናውን ይሸፍነዋል። ፊትን ወደ ሰሜን ማዞር ይበቃል የሚሉ አሉ። በሐምሌ ወር ግን የቀትር ፀሐይ በዚያ አገር ከአናት ጥቂት ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል፣ ይህ ምክር ለሌላ ወር ነው።

ቬንትሌተርም በብዙዎች ዘንድ በትክክል አይታወቅም። አየሩ ከሰው ቆዳ ሙቀት፣ ማለት ከ35 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ያቀዘቅዛል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን በደረቅ ገላ ላይ እንደ ወናፍ ነው። ገላው ወይም አንሶላው እርጥብ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። አንድ ሊትር ውኃ ሲተን፣ ባለ 1,000 ዋት ምድጃ በ40 ደቂቃ የሚያወጣውን ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ይህ በሚሌና በሎጊያ ደረቅ አየር እጅግ ይጠቅማል፤ ከባሕር እርጥበት በሚነፍስበት በጅቡቲ ጠረፍ ግን ውኃው ቶሎ ስለማይተን ጥቅሙ ይቀንሳል። መስኮት ከፍቶ ለማደር ደግሞ በመስኮቱ ልክ የተሰፋ አጎበር ያስፈልጋል፤ ቈላው የወባ አገር ነውና።

የዛሬ መኪና ኤር ኮንዲሽነር አለው፣ ስለ ምን ትጨነቃለህ የሚሉኝ አሉ። አለው፤ ግን የሚሠራው ሞተሩ ሲነሣ ነው። ቆሞ የሚሠራ ትልቅ የናፍጣ ሞተር በሰዓት 3 ሊትር ገደማ ይፈጃል፤ 8 ሰዓት ለመተኛት 24 ሊትር ማለት ነው። ናፍጣው ተለክቶ የተሰጠው ሾፌር ይህን ከየት ያመጣል? ሞተሩን አጥፍቶ ይጠበሳል እንጂ። በ24 ቮልት ባትሪ የሚሠራ፣ ከጣሪያ ላይ የሚገጠም ማቀዝቀዣ አለ። ነገር ግን 500 ዋት የሚወስደው እንኳ በ8 ሰዓት 4 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚጨርስ፣ በመኪናው ባትሪ ብቻ ቢታደርበት ጧት ሞተር የሚያስነሣ ኃይል አይተርፍም። ስለዚህ ተጨማሪ ባትሪ ሊገዛለት ግድ ነው።

የአፋር ሰዎች ይህን ሁሉ ያለ ባትሪ ያውቁታል። ቤታቸው ደቦይታ ከቀጭን እንጨትና ከሰሌን የሚሠራ፣ በግመል ተጭኖ የሚሄድ ቤት ነው። ፀሐይን ይከለክላል፣ ነፋስን ያሳልፋል፤ የጋለ ብረትም የለበትም። አንድ ሽማግሌ ሾፌር ከሎጊያ የገዛውን ሰሌን ከጋቢናው ጣሪያ ላይ አስሮ እንደሚሄድ ባየሁ ጊዜ፣ ከብዙ ዘመናዊ ዕቃ ይልቅ እርሱን አደነቅሁ።

እንግዲህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። ሙቀቱን የባለ መኪናው ጣጣ ብቻ አድርገን ልንተወው አይገባም። ሾፌሩን በሜዳ የሚያቆመው ብዙ ጊዜ የእኛ የነጋዴዎቹ ቢሮ ነው፤ ሰነድ ሳያልቅ መኪና እንልካለን፣ ክፍያ እናዘገያለን፣ ከትራንዚተሩ ጋር በሰዓቱ አንነጋገርም። ስለዚህ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ሰነዱ ተመርምሮ ሳያልቅ መኪና ባይንቀሳቀስ፣ በእኛ ጉድለት ለሚቆምበት ለእያንዳንዱ ሌሊትም የናፍጣውንና የውኃውን ዋጋ ላኪው ቢከፍል ፍትሕ ነው እላለሁ። ይህ የማጓጓዣውን ዋጋ ከፍ ያደርጋል የሚል ይኖራል። ያደርጋል፤ ነገር ግን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሾፌር የዕቃችንን ሙሉ ዋጋ ይዞ ቍልቍለትና ዳገቱን ሲነዳ፣ ከገደል በኋላ የሚመጣውን ሒሳብም አብሮ ማሰብ ይገባል።

በእኛ ቤት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የኮንቴይነር ቍጥር በሁለት ሰው ይነበባል፤ አንዱ ጮኾ ይጠራል፣ ሌላው በጣቱ እየተከተለ ያያል። የቆይታው ናፍጣም በውላችን ላይ አንድ መስመር ሆኖ ገብቷል። ነጩን ሸራና አጎበሩን አሠሪዬ ያለ ክርክር ፈቅደዋል። የባትሪውን ማቀዝቀዣ ግን ዋጋውን አይተው፣ «ለከርሞ እናየዋለን» ብለውኛል። የዋጋ ማቅረቢያውን በዚህ ሳምንት እንደ ገና ከጠረጴዛቸው ላይ አኑሬዋለሁ።