ስፒከሩ ምን አጠፋ?

ከሚሴ ላይ አዲስ የብሎኬት ቤት ሲያልቅ ወለሉ ሴራሚክ፣ ኮርኒሱ ጂፕሰም፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት ይሆናል። ቀጥሎ ለሳሎኑ ትልቅ ቴሌቪዥንና ቁመተ ረጅም ስፒከር ይገዛል። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ዐረብ አገር በሰው ቤት ከምትሠራ እህት ወይም ልጅ የተላከ ነው። የወራት ላቧ ነው ስፒከር ሆኖ ሳሎን የሚገባው።

ከዚያ ይከፈታል። የመንዙማው ቃል አይለይም፤ ድቤው ብቻ ያጓራል። ባለቤቱ ስፒከሩን ይረግምና ከዚህ የሚበልጥ ይፈልጋል። ጥፋቱ ግን የክፍሉ ነው። ሴራሚክ፣ ልስን ግድግዳና መስታወት ድምፅ አይውጡም፤ መልሰው ይወረውሩታል። አንዱ ቃል ሳያልቅ የቀደመው ተመልሶ ይደረብበታል። 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ክፍል ሲሆን ይብሳል፤ 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው ወፍራም ድምፅ በርዝመቱም በወርዱም እኩል እየተመላለሰ ያብጣል። እዚያ ክፍል ጥግ ላይ ሳብዉፈር መጨመር በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። ሻጭ የሚቆጥረው ዋትም አያድንም፤ ከ100 ወደ 200 ዋት ማደግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ጆሮ ለጥቂት የሚለየው።

የሚያስቆጨው፣ መድኃኒቱ ድሮም ቤት ውስጥ መኖሩ ነው። ምንጣፍ፣ ፍራሽ፣ ግድግዳ የተደገፈ ትራስ፣ ወፍራም መጋረጃ፤ ማለትም መጅሊሱ። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋላስ ሳቢን እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ንግግር የማይሰማበትን አዳራሽ የመረመረው ከቴአትር አዳራሽ ባስመጣው የወንበር ትራስ ነበር። ትራሱ ሲበዛ የድምፁ መንጠልጠል አጠረ። ሴራሚኩን ለማሳየት ሲባል መጅሊሱን ወደ ጓዳ ያባረረ ሰው ያባረረው ይህንን ነው።

መጅሊስ ላለው ክፍል ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ይበቃሉ። ቁመታቸው ግን ይታሰብበት። ረጅሙ ስፒከር የተሠራው ሶፋ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ነው፤ ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ዝቅ ይላል፣ ቀጭኑ ድምፅ በራሱ ላይ ያልፋል። ቡፌ ላይ የተሰቀለውማ የሚያዘፍነው ለኮርኒሱ ነው። በርጩማ ላይ፣ ከጥጉ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሌላም አለ። ሳቢን ድምፅን የመዋጥ አቅም የለካው በክፍት መስኮት ነበር፤ በዚያ የወጣ ድምፅ አይመለስማ። የጨፋ ሸለቆ ሙቀት መስኮት አያዘጋም፤ ክፍሉ ይገላገላል፣ ያልተመለሰው ግን ጎረቤት ቤት ይገባል። አራስ ወይም ታማሚ ካለበት ቤት አጠገብ ትልቅ ባስ መግዛት ነውር ሊባል ይገባዋል።

ከመግዛት በፊት ሳሎን መሃል ቆሞ ማጨብጨብ ነው። ጭብጨባው ከጮኸ መጀመሪያ ምንጣፍና መጋረጃ ይገዛ። ሱቅ ውስጥ ደግሞ በሻጩ ዘፈን መታለል የለም፤ በካርቶን የታጨቀ ሱቅ ሁሉንም ያሳምራል። ቃሉን በቃል የሚያውቁትን መንዙማ፣ ወይም የባቲ ቅኝት ዘፈን (ባቲም እኮ የዚሁ ዞን ከተማ ናት) ይዞ ሄዶ፣ ድምፁን ቀንሶ ማዳመጥ ነው። ቀስ ብሎ ሲከፈት ቃሉ ካልተለየ ይመለስ።