«ዛሬም ሽሮ ነው?» ለሚል ባል

ስሟ እንዳይገለጽ የፈለገች አንባቢያችን እንዲህ ስትል ጽፋልናለች።

«ትዳር ከያዝን ገና ዓመታችን ነው። ሁለታችንም ሠራተኞች ነን። ማታ ደክሞኝ ገብቼ ሽሮ ወይ ምስር ቶሎ ጣድ አደርጋለሁ። እሱ ግን አንድ ሁለቴ ጎርሶ ‹ዛሬም ሽሮ ነው?› ይልና ተነስቶ ከጓደኞቹ ጋር ሊበላ ይወጣል። በየቀኑ ሥጋ ለመግዛት ደመወዛችን አይፈቅድም። ምን ይሻለኛል?»

እህታችን አይዞሽ፤ ይህ የአንቺ ቤት ብቻ ችግር አይደለም። ሽማግሌ ከመጥራትሽ በፊት ግን እስቲ ድስቱን እንመርምረው። ነገሩ ያለው «ቶሎ ጣድ አደርጋለሁ» ያልሽው ላይ ይመስለናል። ወጥን የሚያጣፍጠው ሥጋ ብቻ አይደለም። ሽንኩርቱ በደንብ ሲቁላላ፣ ነጭ ሽንኩርቱና ቅመሙ ደግሞ በየተራቸው ሲገቡ የጾም ወጥም ጣት ያስቆረጥማል። ሁሉን በአንዴ ከደፋሽው ነጭ ሽንኩርቱ ቀድሞ ያርራል፤ ካረረ ደግሞ ይመራል።

ምስር ወጥ፦ ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት አድቅቀሽ ክተፊ። ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት 10 ደቂቃ ያህል አቁላይው፤ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ አድርጊበት። ከዚያ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ቀጥሎ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ከትንሽ ውሃ ጋር ጨምሪና እሳቱን ቀንሰሽ ሌላ 10 ደቂቃ አማስዪ። አሁን 4 ፍሬ የተላጠ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል ወቅጠሽ ጨምሪ። ሽታው ቤቱን ሲያውደው 1 ብርጭቆ የታጠበ ቀይ ምስር ክክና 3 ብርጭቆ ሙቅ ውሃ አክዪበት። በ25 ደቂቃ ገደማ ይበስላል። ጨውና መከለሻ ሊወርድ ሲል ይገባል። መከለሻ ቀድሞ ከገባ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል።

ሽሮ፦ ቁሌቱ ያው ነው፤ ሽሮው ምጥን ከሆነ ግን በርበሬውን ተይው። ዱቄቱን በፈላ ውሃ ላይ በአንዴ አትድፊው፣ ይጓጉልብሻል። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ ጨምሪው። ከነጭ ሽንኩርቱ ግማሹን ለቁሌቱ፣ ግማሹን ሊወርድ ሲል ጨምሪ። 15 ደቂቃ ቀስ ብሎ ይንተክተክ። በፍስክ ቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጣል ብታደርጊበት ሌላ ወጥ ይሆናል።

አልጫ፦ በርበሬ ሲሰለች የአተር ክክ ቀቅለሽ አብስዪ። ሽንኩርቱን ሳይጠቁር በዘይት አለስልሰሽ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምሪና ክኩን ከነውሃው ገልብጪበት። ቃሪያ ሰንጥቀሽ አውርጂው።

«ማታ ማታ ይህን ሁሉ መቼ አቁላልቼ?» ትዪ ይሆናል። ቅዳሜ ቁሌቱን በብዛት ሠርተሽ በየእቃው ከፍለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። ከሥራ ስትገቢ የሚቀርሽ ምስሩን መጨመር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው፣ ዘይት አልብሰው መደርደሪያ ላይ ለሳምንታት የሚያስቀምጡ እናቶች አሉ። ይህ አደገኛ ነው። ከአፈር ጋር የሚመጣ፣ አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ የሚራባ ጀርም አለ፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ የምግብ መመረዝ ያመጣል። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ስለሚችል በመቅመስ አይታወቅም። ፍሪጅ ውስጥ ከ4 ቀን በላይ አታቆዪው። ለረጅም ጊዜ ከሆነ ፍሪዘር ውስጥ ይግባ።

ወንድማችን፣ አንተም ብትሆን እጅህን አጣጥፈህ አትጠብቅ። ነጭ ሽንኩርት መላጥ ሙያ አይጠይቅም፤ በቢላዋ ጎን ጫን ስታደርገው ልጣጩ ራሱ ይለቃል።

እህታችን፣ ወጡ ጥሞም፣ አብሮሽ ሽንኩርት ከትፎም ተነስቶ ከወጣ ግን ጉዳዩ የድስት አይደለም። ያን ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።